ጓጉንቸር ይዤ ወደ ካምፓላ

አንድ አጭር የስልክ መልእክት ለመላክ ብላ አምስት ቀን በመኪና የተንገላታች ሴት ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ስነግራቸው የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ያኔ እኛ ጋ በሞባይል መደወል እንጂ መልእክት መላክ አይቻልም ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ሥራ መልእክት ካልተላከበት በቀር ምንም እርባና የለውም።

ሥራው ላይብረሪ ይባላል። መጻሕፍት የሚቀመጡበት ማለቴ አይደለም፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ወስደው የሚገለገሉበት የተዘጋጀ ኮድ ነው። የእኛው ላይብረሪ መልእክት ይቆልፋል። በስልክ የተቆለፈው በኮምፒዩተር ይከፈታል፣ በኮምፒዩተር የተቆለፈውም በየትኛውም ዓይነት ስልክ ይከፈታል። የኮምፒዩተሩን ወገን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የስልኩን ወገን የጻፈው ኢድሪስ ነው። ኤርትራዊ ነው፤ መርካቶ ተወልዶ ያደገ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ካምፓላ የሚኖር፣ ኦልድ ካምፓላ ውስጥ ከአጎቱ ጋር የስልክ ሱቅ ያለው። ሁለት ዓመት በኢሜይል ስንጨቃጨቅ ከርመን መልኩን እንኳ አላውቀውም ነበር።

ለማን እንደሠራነውም ልንገራችሁ። ካምፓላ ውስጥ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ያቋቋሙት እድር አለ። ለቀብር ብቻ አይደለም፤ አዲስ መጪ ማን ቤት እንደሚያርፍ የሚወስነውም እሱ ነው። እኔ ከመሄዴ ጥቂት ወራት በፊት አንድ አባል ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ሂሩት የምትባል ልጅ ያለችበትን ቤት ለሌላው ጻፈለት። የጻፈው ነገር ኮምፒዩተሩ ላይ ቀርቶ ሌላ ሰው አነበበው። በማግስቱ ማንም የማያውቃቸው ሁለት ሰዎች ቤቱን አንኳኩ፤ ሂሩት በጓሮ በር አመለጠች። ከዚያ ወዲህ እድሩ መልእክት የሚልከው በሰው እግር ብቻ ሆነ። የእኛን ላይብረሪ ለማየት አንድ የእሑድ ስብሰባ ፈቀዱልን። በዚያ ቀን ካላመኑበት ነገሩ ያበቃል፣ ሂሩትም ወደ ሌላ ቤት የምትዛወረው እንደ በፊቱ በሰው አፍ ተነግሮ ነው።

ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። የአውሮፕላኑን ገንዘብ ላፕቶፑ ስለበላው በምድር ከመሄድ ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። ረዳቱ ላፕቶፑን ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲለኝ "እኔ ጣሪያ ላይ ልውጣና እሱ ወንበሬ ላይ ይቀመጥ" አልኩት። ሳቀና ተወኝ። እስከ ዲላ ታቅፌው ሄድኩ፤ ዲላ ደግሞ ያደርኩበትን አልጋ ቁንጫ ቀድሞ ይዞት ጠበቀኝ።

ሮብ ሞያሌ ገባን። ፈታሹ ላፕቶፑን አስከፈተኝ።

"ውስጡ ምንድን ነው ያለው?"

"ኮድ።"

"የምን ኮድ?"

ስለ መቆለፍ ካወራሁ እንደማልወጣ ገባኝና "የሒሳብ" አልኩት። ውሸት አይደለም። ስክሪኑን ሲያይ ሲያይ ቆየና ለጓደኛው "አስተማሪ ናት፣ ልቀቃት" አለው። እኔም አላረምኩትም።

የእኛ ወገን አስፋልት ነው። ኬላውን ሲሻገሩ ግን መንገድ የሚባለው ድንጋይና አቧራ ብቻ ይሆናል። ሐሙስ ወደ ማርሳቢት ስንሄድ ጎማ ሁለት ጊዜ ፈነዳ። አቧራው ላፕቶፑ ውስጥ ይገባል ብዬ ስጨነቅ ያየችኝ አንዲት የቦረና እናት የራሷን ሻሽ ፈትታ ጠቀለለችልኝ። በምልክት ካልሆነ በቀር አንግባባም። ማርሳቢት ስንደርስ ልመልስላት ብል፣ እጄን ይዛ ሻሹን መልሳ ላፕቶፑ ላይ አሰረችው። ዓርብ ናይሮቢ የደረስኩት ለካምፓላው አውቶቡስ ጥቂት ሲቀረው ነበር፤ ናይሮቢን አየሽ ወይ የሚሉኝ ካሉ በመስኮት አይቻታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ድንበሩን አልፈን ዓይኔን ስከፍት ጉራጌ አገር የደረስኩ መሰለኝ። ግራና ቀኙ እንሰት። ትንሽ ቆይቼ ነው ሙዝ መሆኑን የለየሁት። እኛ ጋ ሥሩን እንበላለን፣ እነሱ ፍሬውን ሳይበስል ቀቅለው ይበሉታል፤ ማቶኬ ይሉታል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ከፌስታሉ አውጥቶ አቀመሰኝ። ድንች ልሁን ወይስ ሙዝ እያለ ሲያመነታ የተቀቀለ ነገር ነው። ሰውየው ግን ፊቴን እያየ ስለነበር ጨረስኩት።

ኢድሪስ መናኸሪያው ውስጥ ስሜን በአማርኛ ፊደል የጻፈበት ወረቀት ይዞ ቆሟል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው። በኢሜይል እንደዚያ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው ብዬ ገረመኝ።

"ፍሬሕይወት?" አለኝ።

"ኢድሪስ?"

"ወፍራም ሴት ነበር የጠበቅኩት" አለ። "ስትጽፊ ወፍራም ትመስያለሽ።"

ቦዳ ይዘን ወደ ማኪንድዬ ሰፈር ወጣን። ቦዳ ማለት እንግዲህ ሞተር ሳይክል ነው፤ ካምፓላ ታክሲውም አምቡላንሱም እሱ ነው። ዳገቱ ላይ ዝናቡ ወረደ፣ ቀዩ ጭቃ አንሸራተተን፣ ወደቅን። ቦርሳዬን ከፍ አድርጌ ስይዝ ጉልበቴ ተላጠ። ባለቦዳው "ሶሪ፣ ኒያቦ፣ ሶሪ" እያለ ተከተለኝ። ኒያቦ እመቤቴ ማለት ነው። ጥፋቱ የዝናቡ ቢሆንም ሶሪ ይላሉ፤ አንድ ሰው ሲደናቀፍ እንኳ ከመንገድ ማዶ ሆነው ይሉታል። እኛ "እኔን" የምንለው መሆኑ ነው።

ማኪንድዬ ያሳረፉኝ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው፤ ግማሹ ደንበኛቸው ሐበሻ፣ ግማሹ ከሽሮው ጋር ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ የሚያዝ የሰፈር ሰው ነው። ጉልበቴን ሲያዩ ሰላምታውን ትተው ውሃ አሞቁ። ጨው ጨምረው እያጠቡኝ "ይሄ ኮምፒዩተር የሚሉት ነገር ከጉልበት ይበልጣል?" አሉኝ።

"ለዚህ ሳምንት ይበልጣል" አልኳቸው።

"ጎበዝ። ስብሰባው ሲያልፍ ደግሞ ጉልበት ይብለጥብሽ።"

የተሰጠኝ ክፍል ጓሮ ነው፤ አንድ ሌላ ሴት አለችበት። ሂሩት ነበረች። ሃያ ሦስት ወይ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ከማን እንደምትሸሽ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ሌሊት በር በተንኳኳ ቁጥር የጫማዋን ክር እንደምታስር ግን ወይዘሮ አስካለ ነገሩኝ። ስብሰባው የሚቀጥለው እሑድ ስለሆነ ይህን እሑድ አርፌ ዋልኩ፤ ካሰብኩት በላይ ደክሞኝ ነበር።

ሰኞና ማክሰኞን በኢድሪስ ሱቅ አሳለፍን። ሱቁ ያኔ ግንባታው ገና እየተጠናቀቀ ከነበረው ትልቅ መስጊድ ሥር ነው፤ በሩ ፊት ለፊት ብርድ ልብስና ሳሙና በጅምላ ይራገፋል። መብራት አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን ይጠፋል። እኛ ጋም ይጠፋል፤ የእነሱ ግን ተራውን አይስትም። ሰኞ የመጥፊያው ቀን ስለነበር አጎቱ ጄኔሬተር አስነሱልን፤ በጩኸቱ ላይ እየጮህን ነው የሠራነው። በስልኩ የተቆለፈው ኮምፒዩተሬ ላይ አልከፈት አለ። ጥፋቱ የአንተ ነው፣ የአንቺ ነው ተባባልን። በመጨረሻ የስልኩ ቋንቋ ቁጥርን ከዜሮ በታችም ሲቆጥር የእኔው ከዜሮ በላይ ብቻ እንደሚቆጥር ደረስንበት። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ኢድሪስ ከሶላት ተመልሶ ሮሌክስ ይዞልኝ በመጣ ሰዓት፣ የመጀመሪያው መልእክት ተከፈተ። ሮሌክስ ሰዓት አይደለም፤ እንቁላል የተጠቀለለበት ቻፓቲ፣ የስንዴ ቂጣ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

ሮብ በዘጠኝ የእድሩ አባላት ስልክ ላይ ጫንነው። አሠራሩን ያስረዳሁት እንዲህ ብዬ ነው። እያንዳንዳችሁ ጓጉንቸርና ቁልፍ አላችሁ። ጓጉንቸሩን ለሁሉም ታድላላችሁ፤ ለእናንተ የሚጻፈው በእሱ ይቆለፋል። ቁልፉ ግን ከስልካችሁ አይወጣም። አደጋው አንድ ነው፤ ሌላ ሰው የራሱን ጓጉንቸር አምጥቶ የእገሌ ነው ሊላችሁ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጓጉንቸር አሥራ ሁለት አኃዝ ቁጥር አለው፤ የየራሳችሁ ይኸው በወረቀት። አዲስ ጓጉንቸር ሲደርሳችሁ ባለቤቱን በድምፅ ቁጥሩን ጠይቁት፣ ስልካችሁ ላይ ከሚታየው ጋር ከገጠመ "አዎ" የሚለውን ተጫኑ።

ኢድሪስ ይህን "አዎ" አይወደውም ነበር። ሰው ቁጥሩን ራሱ ይጻፍ፣ ካልጻፈ አይለፍ ብሎ በኢሜይል ለሁለት ወር ታግሎኛል። እኔ ደግሞ ሰው ይሰለቻል፣ ማመን ይበቃል ብዬ ረታሁት። የረታሁበትን ኢሜይል ለሰው ሁሉ ሳሳይ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ወይዘሮ አስካለ ቤት ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለሁ ኢድሪስ መጣ። አብሮት ጋሼ መኮንን ነበሩ፤ የእድሩ ሊቀመንበር፣ አገር ቤት ፊዚክስ ያስተማሩ፣ ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን የሚጠርጉ ሰው። ኢድሪስ ወንበር ሲሰጡት አልተቀመጠም።

"እትዬ አስካለ" አለ፣ "ዛሬ ጠዋት ከጋሼ መኮንን መልእክት ደርሶዎታል?"

"ደርሶኛል። ስልክ ቀየርኩ አሉ። አዲስ ጓጉንቸርም ልከዋል።"

"ምን ጠየቁዎት?"

ወይዘሮ አስካለ ወደ ጋሼ መኮንን አዩ። ጋሼ መኮንን መነጽራቸውን እየጠረጉ ነው።

"ልጅቷ የት ናት አሉኝ። እኔ ጋ ናት፣ ጓሮ ክፍል አልኳቸው። ምነው?"

"የላክሁት እኔ ነኝ" አለ ኢድሪስ። "በአዲስ ሲም፣ በራሴ ጓጉንቸር። ጋሼ መኮንንን አስፈቅጄ ነው። ከእሳቸው በቀር ለስምንታችሁም ላክሁ። ስምንታችሁም 'አዎ' አላችሁ።"

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። መጀመሪያ የተናደድኩት በኢድሪስ ነው፤ ሳይነግረኝ እንዲህ ያለ ነገር ማድረጉ አቃጠለኝ። ወይዘሮ አስካለ ግን ቁጭ አሉ። ሂሩት የጓሮው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

"ቁጥሩን አልጠየቁም?" አልኳቸው፣ በተቻለኝ መጠን ቀስ ብዬ።

"ምን ብዬ?" አሉ። "በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ስልክ ቀየርኩ ሲሉኝ፣ እርስዎ መሆንዎን ያስረዱኝ ልበላቸው? አሳዳጊ የበደላት አትይኝም?" ወደ ሂሩት ዞሩ። "አሳልፌ ሰጠኋት። በገዛ እጄ።"

"ያን ሁሉ ጓጉንቸር ይሉኝታ ከፈተው" አሉ ጋሼ መኮንን።

እኔ ለመከራከር አፌን ስከፍት ኢድሪስ ዞር ብሎ አየኝ። "አንቺስ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የእኔን ቁጥር ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም ነበር። እሱም የእኔን ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ አስቤው ነበር፤ የተጠራጠርኩት እንዳይመስለው ብዬ ተውኩት። ይህን ነገር የሠራነው ሁለት ሰዎች፣ ለሌላው ሰው መመሪያ የምንጽፍ፣ አንዳችን ሌላውን ሳናረጋግጥ ሁለት ዓመት ተጻጽፈናል። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሂሩት ገብታ የጫማዋን ክር ስታስር አየኋት።

ያን ምሽት እራት ላይ ተስፋ መቁረጥ ሳይሆን እልህ ያዘኝ። ለኢድሪስ "ትክክል ነበርክ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ምግቡን በደንብ በላሁ። ቁጥሩ በእጅ ይጻፍ፤ ሳይጻፍ መልእክት አይሂድ አልን። ግን አንድ ነገር ይቀራል። ሰው ትልቅ ሰውን ቁጥር መጠየቅ ካፈረ፣ ስልኩ ላይ ቁጥር መጻፊያ ሳጥን ብናስቀምጥለት መልእክት መላኩን ይተዋል እንጂ አይጠይቅም።

መላውን ያገኙት ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሳህን እያነሱ ነበር።

"እድር ላይ ስም ሲጠራ ማን ይቀየማል?" አሉ። "ሊቀመንበሩም ስሙ ሲጠራ አለሁ ይላል። ጠያቂ የለ፣ ተጠያቂ የለ። ሁሉም ተራው ሲደርስ ቆሞ ቁጥሩን ይጥራ፣ ሌላው ይጻፍ። ጋሼ መኮንን ይጀምሩ።"

ዓርብና ቅዳሜ ከሱቁ አልወጣንም። ሁለቱንም ወገን ፈትተን እንደገና ሠራነው፤ አንዱ ሲቀየር ሌላው አብሮ ካልተቀየረ ስልክና ኮምፒዩተር አይግባቡም። ኢድሪስ አንዴ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለኝ። "ቀስ ብለን ለመታጠቅ ሌላ እሑድ የለንም" አልኩት። ጄኔሬተሩ ቆመ፣ አጎቱ ነዳጅ አመጡ። የሻይ ብርጭቆ ወረቀቶቼ ላይ ተገለበጠ፣ አደረቅናቸው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የሁሉንም ስልክ ሰብስበን አዲሱን ጫንን፤ ጓጉንቸሮቹም ቁጥሮቹም አዲስ ሆኑ። ለእያንዳንዱ አባል ቁጥሩን በወረቀት ጽፈን ሰጠን።

እሑድ ስብሰባው ኪዋቱሌ ሰፈር፣ ጋሼ መኮንን ግቢ ነበር። ሸራ ተወጥሯል። አገር ቤት እድር ላይ ከምሰማው ጭቅጭቅ አንዱም አልቀረም፤ የወንበር ኪራይ፣ የዘገየ ሰው፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ተቀላቅሎበት። ሂሩት ከወይዘሮ አስካለ አጠገብ የተዋሰችውን ስልክ ይዛ ተቀምጣለች፤ ስለእሷ የሚወሰነው እሷ ባለችበት ይሁን ብለው ነው ያመጧት። ጋሼ መኮንን ተነሡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው በአስተማሪ ድምፅ ቁጥራቸውን ሦስት ሦስት እያደረጉ አነበቡ። ሁሉም አቀርቅሮ ስልኩ ላይ ጻፈ።

ከዚያ ገጠመ የሚል ሰው ጠፋ። አንዱ ስልኩን አገላበጠ፣ አንዱ ወደ ሸራው አየ፣ ወይዘሮ አስካለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኢድሪስን አየሁት፤ እሱም እኔን እያየ ነው። አምስት ቀን መንገድ፣ ሁለት ዓመት ሥራ፣ ማንም ምንም አይልም።

"አይገጥምም" አለች ሂሩት።

ሰው ሁሉ ዞረ። ተነሥታ ቆመች።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ያነበቡት እኔ ጋ ካለው ጋር አይገጥምም። አልቀበልዎትም።"

"የእኔም አልገጠመም" አለ ከኋላ አንድ ሰው። "የእኔም" አለች ሌላዋ። "የእኔም" አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ መሬት መሬት እያዩ። ለካ የስምንቱም ስልክ እምቢ ብሏል።

ጋሼ መኮንን ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ አገላበጡት፣ ኪሳቸውን ፈተሹ፣ ሌላ ወረቀት አወጡ። "ይሄ የሮቡ ነው" አሉ። "የትናንቱ ይኸው።" ከዚያ ሂሩትን አይተው "ጎሽ፣ የእኔ ልጅ" አሉና በመምህርነታቸው ዘመን ለተማሪ እንደሚያደርጉት እጃቸውን ዘርግተው አስቀመጧት። አዲሱን አነበቡ። ገጠመ። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ እየተነሡ ሁሉም ቁጥሩን ጠራ፤ የማይሰማ ሲኖር "ድገም" ለማለት ማንም አላፈረም። እድሩ ተቀበለን። እኔ ሸራው ሥር አለቀስኩ፤ ኢድሪስ እንዳላየ ሆነ።

ሰኞ ማለዳ ስነቃ የሂሩት ፍራሽ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። ጫማዋ የለም፣ ቦርሳዋ የለም። ወጥ ቤት ገባሁ፤ ወይዘሮ አስካለ ለመንገዴ ቻፓቲ እየጠቀለሉ ነው።

"ሂሩትስ?"

"መልእክት ደረሳት፣ ወጣች።"

"የት ሄደች?"

እጃቸውን ጠረጉና ዞሩ። አልተቆጡም፣ አልሳቁም።

"አንቺ ማን ነሽና ነው የምነግርሽ?" አሉኝ።

ቻፓቲውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ፣ ጉልበቴ መዳኑን ጠየቁኝ፣ እስከ በሩ ሸኙኝ። እስከ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም።